ተሳፋሪ፣ ደርሰናል

«ዕድሜ ልኳን የሰው አባት ስታስተኛ ኖራ፣ የራሷ ሲሆን አይሆንልኝም አለች!» የሚለውን የታላቅ ወንድሟን ድምፅ ልብስ ሰፊዋ የሰማችው የአባቷን ሸሚዝ ስትተኩስ ነበር። ወንድምየው በረንዳ ላይ ቆሞ ከሚስቱ ጋር በስልክ ያወራል። በሩን ዘግቻለሁ ብሎ ነው፤ ያ በር ግን ከተሠራ ጀምሮ ገጥሞ አያውቅም። ሴራሚክ ነጋዴ ስለሆነ ድምፁ ከመጋዘን መጋዘን መጣራት የለመደ ነው፤ ምሥጢር ሲያወራ እንኳ ጎረቤት ይሰማዋል። አባት ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ዛሬ የሐሞት ከረጢታቸው ከነጠጠሩ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የጆሮ መስሚያቸውን ገና አላደረጉም። እንኳንም አላደረጉ አለች ልብስ ሰፊዋ በልቧ፣ የሸሚዙን አንገት እየደጋገመች ስትተኩስ። አንገቱን ባለፈው ዓመት ራሷ ገልብጣ ነው የሰፋችው፤ አባት ግን ሰው ፊት የምቀርበው በሱ ነው ብለው አዲሱን እንቢ ብለዋል።

የምትታማዋ መካከለኛዋ ልጅ ናት። የሰመመን ሕክምና ፕሮፌሰር ናት፤ በሽተኛ ለቀዶ ሕክምና ሲገባ የምታስተኛው፣ ሲያበቃም የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። ቤት ውስጥ ፕሮፌሰር የሚላት የለም፤ ገና ተማሪ ሳለች አባት «እንቅልፌ» ብለው ሰይመዋት በዚያው ቀርቷል። ትናንት አመሻሽ ላይ መጥታ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆማ፣ ዛሬ ከአባቷ ጋር ቀዶ ሕክምና ክፍል እንደማትገባ ተናገረች። ሆስፒታሉን የመረጠችው ራሷ ናት፤ እሷ የማትሠራበት ነው። የማን አባት እንደሆኑ እዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አደራ አለች። ወንድሟ ደሙ ፈላ። ዘመድ ታዲያ ለመቼ ነው፣ ስምሽን ጠርተን ደህና ክፍል፣ ደህና ሐኪም ብናገኝ ምን ይጎድልብሻል አላት። «እኔ እዚያ ካለሁ ሐኪሞቹ የሚያዩት እኔን ነው፤ አባባን አያዩም» ብላው ወጣች። ልብስ ሰፊዋ እስከ ደረጃው ሸኘቻት፤ የካፖርቷን አንድ የላላ ቁልፍ ነካ አድርጋ «አምጪው ላጥብቀው» አለቻት።

አባት ሞትን እንደማይፈሩ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ሰው የሚወርድበት ቦታ አለው ይላሉ፣ ሲስቁም ይስቁበታል። የሚፈሩት ባለቤታቸው እንደነቁት መንቃትን ነው። እናት ከብዙ ዓመት በፊት ለትንሽ ቀዶ ሕክምና ገብተው፣ ሥራው አምሮ፣ ሐኪሙም እጁን ታጥቦ «በሰላም ጨርሰናል» ብሎ ሳለ፣ ሌላ ሰው ሆነው ነቁ። ነርሷን ሌባ አሏት። ባላቸውን ከእግር እስከ ራሳቸው አይተው «እኚህ ሰውዬ የማን ናቸው?» አሉ። ቀን ሲያልፍ ሰከን ቢሉም ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም፤ ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን የልጆቻቸውን ስም እያምታቱ፣ በገዛ ሳሎናቸው ተቀምጠው ወደ ቤቴ ውሰዱኝ እያሉ አለፉ። ያን ቀን ልብስ ሰፊዋ ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር፤ የእናቷን መነጽርና የጆሮ መስሚያ በፌስታል ይዛ። ዕቃ እንዳይጠፋ ደንቡ እንደዚያ ስለነበር በር ላይ ነው የሰጧት። እናት ግን ከግድግዳው ወዲያ፣ በቅጡ ሳያዩና ሳይሰሙ፣ ፊታቸውን በጭንብል በሸፈኑ ሰዎች መሃል ነቁ።

ያንን ፌስታል አይታ ዝም ያላለችው እንቅልፌ ናት። ያኔ ገና ጀማሪ ሐኪም ነበረች። ሽማግሌ ሰው ከሰመመን ሲነቃ ዓይኑንም ጆሮውንም ከወሰድንበት አእምሮው በምን ይመለስ ብላ አለቆቿን ጠየቀች፤ ሳቁባት። «የመነጽር ሳይንስ» የሚል ስም አወጡላት፤ ሻይ ቤት ስትገባ መነጽሯን ጠብቂ ይሏታል። እሷ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ለዓመታት መንቂያ ክፍል ውስጥ ከሽማግሌና ከባልቴት አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ግማሾቹ መነጽራቸውና መስሚያቸው አብሯቸው ይገባል፣ ግማሾቹ በድሮው ደንብ ይሄዳሉ፤ ሲነቁ ሁሉንም ያንኑ ቀላል ጥያቄ ትጠይቃለች፤ የት ነው ያሉት፣ ቤት ማን አለ። ከወራት በኋላም ቤታቸው ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች። ዕቃ የምታዞር መስሏቸው በር የዘጉባት ብዙ ናቸው። አንዳንድ ቀን ከዚያ ዞራ ስትመጣ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ገብታ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ራሷን ደፍታ ታሸልባለች፤ ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ቀና ብላ፣ ፊቷ ላይ የጨርቁ እጥፋት ታትሞ፣ እንደ ሻጭ ትቀመጣለች።

ዕቃቸው አብሯቸው የሚገባበትን ከረጢት የሰፋችው ልብስ ሰፊዋ ናት። መነጽርና መስሚያ የሚይዝ፣ ከአልጋው ብረት ጋር ታስሮ ከበሽተኛው ጋር አብሮ የሚገባ ትንሽ ከረጢት ሥሪልኝ አለቻት እህቷ። የተማሪ ዩኒፎርም የሚጣደፍበት ሰሞን ስለነበር ልብስ ሰፊዋ ከገበር ቁርጥራጭ እያወጣች ስትሰፋ ማንጠልጠያውን ከአፉ ላይ በማድረግ ፈንታ በጎኑ ገጠመችው። ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ሲንጠለጠል አንዱ ትከሻው ዘንበል ይላል። ልተርትረው ስትል እህቷ ከእጇ ነጠቀቻት፤ ነገ ጥናቱ ይጀመራል፣ ይሁን፣ ዘንበል ቢል ምን ይሆናል ብላ ሁሉንም በካርቶን ይዛ ሄደች።

ጥናቱ ተጽፎ ካለቀም በኋላ ቶሎ የሚቀበለው አልተገኘም። አንዱ መጽሔት ይመልሰዋል፣ ሌላው መልስ ሳይሰጥ ይከርማል፤ አንዱ ገምጋሚ ይህ የነርሶች ጉዳይ እንጂ የሳይንስ አይደለም ብሎ ጻፈባት። በመጨረሻ አንድ ትንሽ መጽሔት አወጣላት። ዓመት ሙሉ ማንም ዘወር ብሎ አላየውም። ከዚያ ስሙን በቅጡ መጥራት ከማይችሉት አገር አንድ ሐኪም ያንኑ ሞክሮ ያንኑ አገኘና በራሱ ጽሑፍ ላይ ጠቀሳት። ያን ቀን እንቅልፌ ኬክ ይዛ መጣች። ጠቀሱኝ፣ ጠቀሱኝ እያለች ቤቱን አንድ አደረገችው። እየቆየ ከየአቅጣጫው መጣ፤ በአሥር ሲቆጠር የነበረው በመቶ፣ ከዚያ በሺህ ሆነ። አባት አንድ ቀን ነገሩን በሙሉ ካስረዱዋቸው በኋላ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው «ይህን ያህል ሰው ሲጠቅስሽ፣ አንድ እንኳ ለትዳር የሚሆን ጠፋ?» አሏት፤ እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ታላቅ ወንድም ግን መጠቀስ ቤት አይሆንም ብሎ ከተናገረ ወዲህ ሐሳቡን አልቀየረም። እውነትም ቤት አልሠራችም። በኪራይ ሁለት ክፍል ትኖራለች፤ ካፖርቷ ገበሩ ስንቴ እንደተቀየረ የምታውቀው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት።

ሆስፒታል የደረሱት በወንድምየው መኪና ነው። የማቆሚያውን ዋጋ ሰምቶ ዘበኛውን ጎማውም ይታከማል ወይ ብሎ ጠየቀው። ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላም ስለ ዋጋው ማውራት አልተወም። መጠበቂያው እርስ በርሳቸው የተበየዱ የብረት ወንበሮች አሉት፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነቃነቃል። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ያለ ድምፅ ይናገራል። አባት ገልብጣ የሰፋችላቸውን ሸሚዝ አውልቀው ከኋላ የሚታሰረውን የሆስፒታል ልብስ ሲለብሱ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ወዴት እንደምታደርግ ጠፋት። ነርሷ ስማቸው የተጻፈበትን አምባር እጃቸው ላይ አሠረች፤ እሳቸውም እንደ ሰዓት ዞር አድርገው አዩት። ወንድምየው አሁንም የማን አባት እንደሆኑ ለመናገር አፉን እያሳከከው ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ጎኑን ጎሸም ስታደርገው ጥርሱን ነክሶ ተወው።

የሚያስተኛቸው ሐኪም ወጣት ነው፤ ጢሙ ገና እዚህም እዚያም የበቀለ፣ ስኒከር ያደረገ። ወንድምየው ስኒከሩን አይቶ እህቱን በቅንድቡ ጠየቃት። ሐኪሙ ከአልጋው ሥር በርጩማ ስቦ አወጣና በየትኛው ጆሯቸው ይበልጥ እንደሚሰሙ አባትን ጠየቀ። በቀኝ ሲሉት ዞሮ በቀኛቸው፣ ፊቱ ከፊታቸው ትይዩ እስኪሆን ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ሰዓቱን አላየም። አባባ፣ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው አላቸው። ልብስ ሰፊዋ አባቷ እንደ ልማዳቸው ቀልደው የሚያልፉ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ጣሪያውን ጥቂት አዩና እንደ ባለቤቴ እንዳልነቃ አሉ፤ ከዚያም የባለቤታቸውን ነገር፣ በልጆቻቸው ፊት አንሥተውት የማያውቁትን ሁሉ፣ ለዚህ የማያውቁት ልጅ ነገሩት። ወንድምየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሐኪሙ እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ ከኪሱ ሰማያዊ ከረጢት አወጣ። መነጽሩንም መስሚያውንም እስኪተኙ ድረስ እንደማያወልቁ፣ ከተኙ በኋላ በዚህ ከረጢት ከአልጋቸው ጋር ታስሮ አብሯቸው እንደሚገባ፣ ሊነቁ ሲሉ መጀመሪያ መስሚያው፣ ቀጥሎ መነጽሩ፣ ከዚያም ከማንም በፊት የሚያውቁት ሰው ድምፅ እንደሚቀድማቸው አስረዳቸው። ወንድምየው እጁን ዘረጋ፤ መስሚያው ስንት እንደወጣበት እኔ ነኝ የማውቀው፣ ለእኛ ቢሰጠን ይሻላል አለ። ሐኪሙ በትሕትና እንቢ አለው። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው፤ ዓይኗ ከረጢቱ ላይ ቀርቷል። በፋብሪካ የተሠራ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ጨርቁም የማይበሰብስ ዓይነት ነው። ማንጠልጠያው ግን በጎኑ ነው። ሐኪሙ ሲያነሣው አንዱ ትከሻው ዘንበል አለ።

«ይኼ ማንጠልጠያ ለምን በጎኑ ሆነ?» አለች ሳታስበው።

ሐኪሙ ሳቀ። «እውነት ለመናገር እኔም ከላይ ቢሆን የሚሻል ይመስለኛል። ግን ጥናቱ ላይ የተፈተነው እንዲህ ሆኖ ነው፤ እስከ ዛሬ ደፍሮ የቀየረው የለም» አላት። ልብስ ሰፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሷም አልለየችውም፤ ያ ሁሉ ሐኪም፣ ያ ሁሉ አገር፣ የሷን የችኮላ ስህተት ሳያዛንፍ ይሰፋል።

ወንድምየው የማን ጥናት ነው ብሎ ጠየቀ፤ እንደማያውቅ ሰው፣ ግን ድምፁ እንደ ወትሮው አልወጣም። ወጣቱ ሐኪም ሲመልስ ፊቱ በራ። ስለ ሽማግሌዎች መንቃት የሚጽፍ ሁሉ የሚነሣው ከሷ እንደሆነ፣ እሱም የመመረቂያ ጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እሷን እንደጠቀሰ፣ አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ከሩቅ አይቷት ሰላም ለማለት እንዳፈረ ተናገረ። ከሷ በፊት ስንቱ እናትና አባት ከራሱ ተለይቶ እንደቀረ ማን ይቆጥረዋል አለ። ባሕር ማዶ ሰውን የሚጠሩት በአባት ስም ስለሆነ ዘዴውም በየሆስፒታሉ የሚጠራው በአባቷ ስም ነው ብሎ ስሙን ጠራው። ከዚያ የአባትን አምባር አየና ፈገግ አለ። «እርስዎም እኮ ሞክሼያቸው ነዎት!» አላቸው። ስሙ በየሰፈሩ የሚገኝ ስም ነው፤ ምንም አልጠረጠረም።

ወንድምየው አፉን ከፈተ። አባት ሳያዩት እጅጌውን ያዝ አደረጉት፤ አምባር ባለበት እጃቸው።

«በዚህ ስም ነው የምትጠሩት?» አሉ አባት። «ሁላችሁም?»

«ሁላችንም፣ አባባ።»

አባት የአምባሩን ጽሑፍ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። አውቶቡስ በሚነዱበት ዘመን ስማቸውን የሚያውቀው ከመሥሪያ ቤቱ አለቃና ከጥቂት ደንበኛ ተሳፋሪ ሌላ አልነበረም። እንግዲህ አስተኛኝ ልጄ አሉት። ሐኪሙ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሮ ሲነቁ የሚሰሙት ድምፅ የሷ እንደሚሆን፣ ከልጅነት ጀምሮ በቤቱ የተለመደ አንድ ነገር ብትላቸው እንደሚመረጥ ነገራት። እሷም ማሰብ አላስፈለጋትም። ልጆች ሳሉ አባት ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሳቸውን እየገፈፉ የሚቀሰቅሷቸው በአንድ ቃል ነበር፤ ተሳፋሪ፣ ደርሰናል።

አልጋው እየተገፋ ከበሩ ጀርባ ሲሰወር ሁለቱ ኮሪደር ላይ ቀሩ። ወንድምየው ሻይ ሊገዛ ሄደና በወረቀት ኩባያ ይዞ መጣ። ስለ ዋጋው አንድ ቃል አልተናገረም። ብዙ ቆይቶ፣ ሻዩ በእጁ እንደቀዘቀዘ፣ «የሱቄ ታፔላ ላይ ያለው ስም እኮ ነው» አለ። «አባባን ያስጠራሁት እኔ ይመስለኝ ነበር።» እሷ ተነሥታ መስኮቱ ዘንድ ሄደች። ከታች መንገዱ ማዶ ፌርማታ አለ። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት ሰዎች መሃል አንድ ካፖርት አየች፤ ያን ካፖርት ከየትም ቦታ ሆና ብታየው አትስተውም። አውቶቡስ መጣ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ፤ ካፖርቱ እዚያው ነው። ሌላ መጣ፤ አሁንም እዚያው። ወንድምየው ከኋላዋ መጥቶ አየ። ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለችው አለ፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ደረጃውን መውረድ ጀምራ ነበር።

እንቅልፌ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ተቀምጣለች። እህቷን ስታይ አልደነገጠችም፤ ቦታ ለቀቀችላት። መነጽራቸውን መቼ እንዳወለቁላቸው፣ ሐኪሙ ቆሞ ይሁን ተቀምጦ እንዳናገራቸው ጠየቀች። ልብስ ሰፊዋ ስለ በርጩማው ነገረቻት፤ ስለ ስሙ፣ ስለ ማንጠልጠያውም ነገረቻት። የማንጠልጠያውን ስትነግራት ብቻ ነው የሳቀችው፤ ሳቁም ወዲያው ጠፋ። ልብስ ሰፊዋ አሁን እንግዲህ ነይ፣ ሲነቁ ያንቺን ድምፅ ይስሙ፣ ያ ሁሉ ሰው ላንቺ ይመሰክርልሽ የለም ወይ አለቻት።

«እነሱ የሚጠቅሱት የዳኑትን ነው» አለች እንቅልፌ። «እኔ ሁሉ ተደርጎላቸው ያልተመለሱትንም አውቃቸዋለሁ። አንድ በአንድ ቤታቸው ሄጃለሁ። ጥናቱ ስለ ብዙ ሰው ነው የሚናገረው፤ ስለ አባባ አንድም ነገር አይልም።» የመጣውን አውቶቡስ በዓይኗ አሳለፈች። «ፈራሁ» አለች። «አይቶኝ ይቺ ማናት እንዳይል ፈራሁ።» ልብስ ሰፊዋ እህቷን በዚያች ሰዓት እንዳከበረቻት አክብራት አታውቅም። እጇን ከኪሷ አውጥታ ያዘቻት፤ ቀዝቅዟል። ስልኳ ጮኸ፤ ወንድሟ ነው። ጨርሰዋል፣ ቶሎ ነይ አላት። እንቅልፌ ያንቺን ድምፅ ነው በየቀኑ የሚሰማው፣ አንቺ ሂጂ ብላ በቀስታ ገፋቻት። ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ወንድሟን አገኘችው፤ ትኩስ ሻይ በሁለት ኩባያ ይዞ እየወረደ ነው።

«ስኳር ትወዳለች?» አላት።

«አትወድም።»

መንቂያ ክፍሉ ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው፤ አንድ መሣሪያ ረጋ ብሎ ይመታል። ጋውን አለበሷት። ሐኪሙ ጭንብሏን ዝቅ እንድታደርግ፣ ፊቷ ሙሉ እንዲታይ ነገራት። ከአልጋው ብረት ላይ ዘንበል ብሎ የተንጠለጠለውን ከረጢት ፈታና መስሚያውን በጆሯቸው፣ መነጽሩን በዓይናቸው አደረገላቸው፤ ተጠንቅቆ፣ የገዛ አባቱ እንደሆኑ ሁሉ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀላት። ጎንበስ አለችና፣ በቀኝ ጆሯቸው፣ «ተሳፋሪ፣ ደርሰናል» አለች።

አባት ዓይናቸውን ገለጡ። መብራቱን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ እሷን አዩ። አዩዋት፣ ግን አንዳች ነገር ፊታቸው ላይ አልተንቀሳቀሰም። እናቷ ሰውየው የማን ናቸው ሲሉ የነበረው ዓይን ትዝ አላት። ሐኪሙ አልቸኮለም፤ በእጁ ምልክት ደግመሽ በይ አላት። ደግማ አለች።

የአባት ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ጉሮሯቸው ስለደረቀ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። ጆሮዋን አስጠጋች።

«ሞክሼዬስ?» አሉ። «ሞክሼዬ የት አለች?»

ሐኪሙ ግራ የተጋቡ መስሎት ወረቀቱ ላይ ሊጽፍ ጀመረና እስክርቢቶው እጁ ላይ ቀረ። አምባሩን አየ፤ ከአልጋው አጠገብ ቆማ እንባዋን የምታወርደውን ሴት አየ፤ እንደገና አምባሩን አየ። ቀስ ብሎ ከበርጩማው ተነሣ።

«ታች ፌርማታው ላይ ናት አባባ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እዚያ ምን ትሠራለች?»

«ከጠዋት ጀምሮ ትጠብቃለች።»

አባት ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የከንፈራቸው ዳር ግን ወደ ላይ ተሳበ። «ሂጂና» አሉ፣ «አውቶቡሱ ገብቷል፣ ትግባ በያት።»

ልብስ ሰፊዋ ጋውኑን ሳታወልቅ ወደ ደረጃው ሮጠች፤ በሩን ቀድሞ የከፈተላት ሐኪሙ ነው።